የኮልፌው ባለ ሲሚንቶ ዘነዘና

ኮልፌ ቀራኒዮን በመኪና የሚያልፍ ሰው የሚያየው የቀለበት መንገዱን ግራና ቀኝ ብቻ ነው። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ወደ ዊንጌት ሲያቀና 18 ማዞሪያን ያልፋል፣ የታክሲ ረዳቶችን ጩኸት ይሰማል፣ ይሄዳል። ሰፈሩን የሚያውቀው ግን በእግሩ የሚዞረው ነው። በእግሩ የሚዞር ሰው ደግሞ ቶሎ የሚያስተውለው አንድ ነገር አለ፤ ኮልፌ የሸክም ሰፈር ናት። አጠና ተራ ላይ ረጃጅም የባሕር ዛፍ አጠና ከአይሱዙ ላይ በትከሻ ይወርዳል። ቆርቆሮው፣ በርና መስኮቱ፣ ያገለገለው ብረት በጋሪ ይገፋል። ወደ ውስጥ መንደሮቹ ሲገባ ደግሞ ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ ቢጫ ጀሪካን ያነገበች ሴት የማትታይበት ቅያስ የለም።

በዚህ የሸክም ሰፈር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖሬአለሁ። በነርስነት ዲፕሎማ ተመርቄ ሥራ የጀመርኩት በወጣትነቴ ሲሆን፣ ጡረታ እስክወጣ ድረስ አብዛኛውን ጊዜዬን ያሳለፍኩት በድንገተኛና በአጥንት ክፍሎች ነው። ጡረታ ብወጣም ለሰፈሩ አሁንም «ሲስተር» ነኝ። የደም ግፊት የምለካው እኔ፣ የመድኃኒቱን ወረቀት የማነበው እኔ፣ «ይሄ ነገር ሐኪም ቤት ያስኬዳል ወይስ ያልፋል?» ተብዬ የምጠየቀውም እኔው ነኝ።

በሥራ ዘመኔ አንድ ነገር ሁልጊዜ ያስገርመኝ ነበር። ዕድሜ ልካቸውን ተሸክመው የኖሩ እናቶችና አባቶች ስድሳን ሲያልፉ ወድቀው የሚሰበሩት ሸክም ላይ እያሉ አይደለም። ሌሊት መብራት ሳያበሩ ሲነሡ፣ የሽንት ቤቱን ደፍ ሲሻገሩ፣ ከታክሲ ሲወርዱ፣ በክረምት ጭቃ ኮብልስቶኑ ላይ ሲያዳልጣቸው ነው። «ምን ሆነው ነው እማማ?» ሲባሉ መልሳቸው አንድ ነው፤ «ምንም አልሆንኩ፤ እግሬ ከዳኝ።»

እግር ግን በአንድ ቀን አይከዳም። የሰው ጡንቻ ከሠላሳ ዓመት ዕድሜ በኋላ በየአሥር ዓመቱ ከ3 እስከ 8 በመቶ ያህል ይቀንሳል፤ ከስድሳ በኋላ ፍጥነቱ ይጨምራል። ሸክም ይህን ብቻውን አያቆመውም። ሸክም ሰውነትን ከላይ ወደ ታች ይጫነዋል፤ መውደቅ የሚመጣው ግን ከጎን ነው፣ ሲዞሩ ነው፣ አንድ እግር አየር ላይ እያለ ነው። በዚያች ቅጽበት ወገብ፣ ዳሌ፣ ትከሻና መዳፍ ተባብረው ሰውነትን መልሰው ካልያዙት የዳሌ አጥንት ይሰበራል። የዳሌ ስብራት ደግሞ ለአረጋዊ ሰው የአጥንት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ከአልጋ መዋል፣ የሳንባ ምች፣ የጀርባ ቁስል፣ የልጆች ሥራ መቅረት፣ የቤት ገንዘብ ማለቅ ይከተሉታል። አንድ ቤት ሙሉውን ሲተኛ በዓይኔ አይቻለሁ።

ከቆርቆሮ አጥሩ ጀርባ

ከቤቴ ብዙም ሳይርቅ፣ የቆርቆሮ አጥር ባለው አንድ ግቢ ውስጥ የሰፈሩ ወጣቶች ማለዳ ማለዳ ስፖርት ይሠራሉ። ጂም ብለው ይጠሩታል እንጂ ማሽን የሚባል ነገር የለውም። በአዲስ አበባ በብዙ ሰፈሮች እንደሚታየው ክብደቱን የሠሩት ራሳቸው ናቸው፤ የቀለምና የወተት ጣሳ በሲሚንቶ ሞልተው በብረት ቧንቧ ግራና ቀኝ ጫፍ ላይ ተክለውታል። ከእነዚህ መካከል ዓይኔን የሳበው አንድ ለየት ያለ ዕቃ ነበር። ቧንቧው ቁመቱ አንድ ሜትር ያህል ነው፤ ጣሳው ግን ያለው በአንደኛው ጫፍ ብቻ ነው። ልጆቹ «ዘነዘናው» ይሉታል።

አንዱ ወጣት በሁለት እጁ ይዞ ከትከሻው ጀርባ እያሳለፈ በራሱ ዙሪያ ሲያዞረው ቆሜ አየሁ። ለቡሄ ጅራፍ የሚያጮህ እረኛ ነው የመሰለኝ። ቆይቶ አየኝና «ማዘር፣ ይሞክሩት እንዴ?» አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ። እኔ ግን የሳቅኩት ለሌላ ነው፤ ልጁ ሲያዞር የምመለከተው እጁን ሳይሆን ወገቡንና እግሩን ነበር። ዘነዘናው ወደ ግራ ሊስበው ሲል ወገቡ ወደ ቀኝ ይይዘዋል፤ ወደ ኋላ ሊጥለው ሲል ሆዱና ጣቶቹ ይመልሱታል። በአጥንት ክፍል የተኙት ሰዎቼ ያጡት ጉልበት ይህ ነው። «ሌላ ቀን እሞክረዋለሁ፣ ቀለል ያለ ካላችሁ» አልኩት። በሳምንቱ አንድ ትንሽ የቲማቲም ድልህ ጣሳ በመጥረጊያ እንጨት ላይ ተክሎ ጠበቀኝ።

ፈረንጆቹ ይህን ዕቃ «ሜስ» ይሉታል። ዛሬ በየአገሩ ከብረት ተሠርቶ የሚሸጥ የስፖርት መሣሪያ ሆኗል። ሥሩ ግን ከፋብሪካ አይደለም። በህንድ ትግል የሚማሩ ሰዎች አፈር በለሰለሰበት መታገያ ስፍራቸው «ጋዳ» የሚሉትን ባለ ከባድ ራስ ዱላ ሲያዞሩ ብዙ ዘመን አልፏል፤ ራሱ ከድንጋይ ወይም ከሲሚንቶ፣ እጀታው ከቀርከሃ ይሠራል። በኢራን ባሕላዊ የስፖርት ቤቶች ደግሞ ወፍራም የእንጨት ዱላዎች በከበሮ ምት ይወዛወዛሉ፤ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2010 ይህን ሥርዓት በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞች ከህንድ የቀሰሙትን የዱላ ማወዛወዝ ወደ አውሮፓ ወሰዱት፤ እ.ኤ.አ. በ1904 በሴንት ሉዊስ እና በ1932 በሎስ አንጀለስ ኦሊምፒኮች እንደ ውድድር እስከመቅረብ ደርሷል። የኮልፌ ልጆች ይህን ሁሉ ሳያነቡ በጣሳና በሲሚንቶ የህንዱን ጋዳ ታናሽ ወንድም ሠርተዋል።

እንግዳው ሠልጣኝ

ስለ ልምምድ ካነሣን፣ ኮልፌ የልምምድ ሰፈርነቷም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ኔልሰን ማንዴላ ወታደራዊ ሥልጠና የወሰዱት እዚሁ ኮልፌ፣ የፈጥኖ ደራሽ ፖሊስ ዋና ሠፈር በነበረው ግቢ ነው። ብዙ ጊዜ ይህ ታሪክ ሲነገር ስለ ሽጉጡና ስለ ነፃነት ትግሉ ይወራል፤ እኔ የምወደው ግን ሌላውን ክፍል ነው። ሰውዬው በዚያን ጊዜ ወደ 44 ዓመታቸው እየተጠጉ ነበር፤ የልጆች አባት ናቸው፤ ጠበቃ ናቸው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ ቀኑ ሰባት ሰዓት ይሠለጥናሉ፣ ታጥበው ምሳ ይበላሉ፣ ከስምንት እስከ አሥር ሰዓት እንደገና ይሠለጥናሉ፤ ከዚያ በኋላ ኮሎኔል ታደሰ ብሩ የጦር ትምህርት ያስተምሯቸዋል። ጠብመንጃ፣ ጥይትና ውኃ ብቻ ይዘው ረጅም መንገድ በተወሰነ ሰዓት የሚጨርሱበት አድካሚ ጉዞም ነበረባቸው። ሥልጠናው ለስድስት ወር የታሰበ ቢሆንም ከስምንት ሳምንት በኋላ ወደ አገራቸው ተጠሩ።

ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ ለአረጋውያን ይበልጥ ያስተምራል። ሮበን ደሴት በታሰሩ ጊዜ ማንዴላ በጠባቧ ክፍላቸው ውስጥ ስፖርት አላቋረጡም። ባሉበት ቆመው እስከ 45 ደቂቃ ይሮጡ ነበር፤ ፑሽ አፕና የሆድ ስፖርት ይሠሩ ነበር፤ ሃምሳ ጊዜም ቁጭ ብድግ ይሉ ነበር። በእኛ ትምህርት ቤት ቁጭ ብድግ የቅጣት ስም ነው፤ እሳቸው ግን በእስር ቤት ራሳቸውን የጠበቁበት ነው። «ቤቴ ጠባብ ነው፣ ቦታ የለኝም» የሚሉኝ ጎረቤቶቼን ይህን እነግራቸዋለሁ። ሁለት ክንድ በሁለት ክንድ የሆነ ወለል ይበቃል።

አንድ ጫፍ ለምን?

አንዲት ጎረቤት አለችኝ፤ ከእኔ በጥቂት ዓመት ትበልጣለች፤ «እትዬ» ነው የምላት። ልጇ ለሥራ ቤሩት ከሄደች ስድስት ዓመት ሆኗታል። ሁለት ሴት የልጅ ልጆቿን የምታሳድገው እትዬ ናት፤ ትንሿ ሰባት ዓመቷ ነው። ውኃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ስለሆነ ጀሪካኑን ከቦኖ ቤት ወደ ቤት የምታደርሰውም እሷው ናት። ባለፈው ክረምት በራፏ ላይ ተንሸራታ ወደቀች። አጥንቷ አልተሰበረም፤ ከዚያ በኋላ ግን ፈራች። መሬት መሬት እያየች መራመድ ጀመረች፣ ከቤት መውጣት ቀነሰች፣ ውኃውን ለትልቋ ልጅ ተወችላት። ልጅቱም ውኃ በሚመጣበት ቀን ትምህርት ቤት ማርፈድ ጀመረች። እነሆ የአንዲት አያት የጉልበት ጉዳይ የአንዲት ልጅ የትምህርት ጉዳይ ሆነ።

እኔ በሥራዬ ያወቅሁት፣ የወደቀ ሰው ፍርሃቱ ከውድቀቱ ይበልጥ ያደክመዋል። የሚፈራ ሰው አይንቀሳቀስም፤ የማይንቀሳቀስ ሰው ይደክማል፤ የደከመ ሰው ይወድቃል። ይህን ቀለበት የሚሰብረው ምክር ብቻ አይደለም፤ ሰውነት በትንሽ በትንሹ ሚዛኑን ስቶ መመለስን ሲለማመድ ነው። አንድ ጫፍ ብቻ የከበደው ዱላ የሚጠቅመውም እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ኪሎ ስኳር በከረጢት ብትይዙ ሁለት ኪሎ ነው። ያንኑ ሁለት ኪሎ በዱላ ጫፍ ላይ አስራችሁ ዱላውን ከሌላው ጫፍ ብትይዙት ግን አንጓችሁ ይንቀጠቀጣል፤ ክብደቱ ከእጅ በራቀ ቁጥር የሚጠይቀው ጉልበት ይበዛል። በእጃችሁና በራሱ መካከል ያለውን ርቀት ከ80 ሳንቲ ሜትር ወደ 40 ብትቀንሱት አንጓ ላይ የሚያርፈው ጫናም በግማሽ ይቀንሳል። ስለዚህ አንዱን ዱላ አያትም የልጅ ልጅም ሊሠራበት ይችላል፤ ጎረምሳው ጫፉን ይይዛል፣ እኛ ከራሱ አጠገብ እንይዛለን። ስንጠነክር እጃችንን ወደ ታች እናወርዳለን። አዲስ ክብደት መግዛት አያስፈልግም።

እትዬን ሳማክራት የመጀመሪያ መልሷ «ሰው ምን ይለኛል?» ነበር። ይሉኝታ ከደም ግፊት ያላነሰ በሽታ ነው። ግቢ ውስጥ፣ ልብስ ማስጫው ጥግ፣ ማለዳ ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን የጎረቤት ልጅ በአጥር ቀዳዳ አይቶ «እማማ፣ ከማን ጋር ልትጣሉ ነው?» ሲላት እንዲህ ስትስቅ ካየኋት ቆይቼ ነበር። በሁለተኛው ወር ሌሎች ሁለት እናቶች ተጨመሩ፤ አንደኛዋ ከሱብሒ ሶላት በኋላ፣ ሌላኛዋ ከኪዳን መልስ ይመጣሉ። አሁን አራት ነን።

አጀማመሩ እንዴት ነው?

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህ ነው። ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁን ለኩ። ግድግዳ የተጠጋ ጠንካራ ወንበር ላይ ተቀመጡ፣ እጃችሁን ደረታችሁ ላይ አጣምሩ፣ በ30 ሴኮንድ ስንት ጊዜ ተነሥታችሁ እንደምትቀመጡ ሌላ ሰው ይቁጠርላችሁ። ዕድሜያቸው ከ65 እስከ 69 ለሆኑ ሴቶች ከ11 በታች፣ ለወንዶች ከ12 በታች ከሆነ የእግር ጉልበት ማነሱንና የመውደቅ ሥጋት መኖሩን ያሳያል። እትዬ የጀመረችው በሰባት ነው።

ቀጥሎ ዱላው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ባዶ የመጥረጊያ እንጨት ይበቃል። ከዚያ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውኃ ሞልታችሁ በጨርቅ ጫፉ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፤ ግማሽ ኪሎ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሲሚንቶው ጣሳ ትሻገራላችሁ። ሲሚንቶ፣ አሸዋና ጠጠር የተሞላ የግማሽ ሊትር ጣሳ ከአንድ ኪሎ ጥቂት ይበልጣል፤ የአንድ ሊትሩ ወደ ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም ይጠጋል፤ የሁለት ሊትሩ ከአራት ኪሎ ተኩል ያልፋል። ለእኛ ዕድሜ ለብዙ ወራት ከአንዱ ሊትር ማለፍ አያስፈልግም።

ጣሳውን የሚሠራላችሁ ልጅ አንድ ነገር እንዳይረሳ፤ እንጨቱ ወደ ሲሚንቶው በሚገባበት ክፍል ላይ ሦስት አራት ረጃጅም ምስማሮች ግራና ቀኝ ተሻግረው ይመቱበት። ሲሚንቶው ላይ የሚይዘው ነገር ከሌለ ጣሳው ይሾልካል። ወጣቶቹ ግቢ ውስጥ አንድ ቀን የሾለከ ጣሳ የቆርቆሮ አጥሩን በስቶ ወጥቷል፤ እግዚአብሔር ይመስገን በዚያ በኩል የሚያልፍ ሰው አልነበረም። ከተሞላ በኋላ ለአንድ ሳምንት ውኃ እየጠጣ ይቆይ፤ ሳይጠነክር አይነካ። በየቀኑ ከመጀመራችሁ በፊትም ራሱን ነቅነቅ አድርጋችሁ ፈትሹ። ልጆች በአጠገባችሁ አይቁሙ።

እንቅስቃሴዎቹን ለእትዬ ያስረዳኋት በጓዳ ቋንቋ ነው፤ ለእናንተም እንዲሁ ልንገራችሁ።

የመጀመሪያው ቁጭ ብድግ ነው። ዱላውን በሁለት እጅ፣ ራሱን ወደ ላይ አድርጋችሁ፣ ደረታችሁ ላይ አስጠግታችሁ ያዙ፤ ከወንበሩ ተነሡ፣ ቀስ ብላችሁ ተቀመጡ። ቁልቁል ስትወርዱ ሦስት ቁጠሩ፤ ጡንቻ የሚሠራው ሲወርድም ነው።

ሁለተኛው ገንፎ ማማሰል ነው። እግራችሁን በትከሻ ስፋት ከፍታችሁ ቁሙ፣ የዱላው ራስ ወደ መሬት ይንጠልጠል፣ ትልቅ ድስት ገንፎ እንደምታማስሉ በዝግታ አዙሩት። ስምንት ጊዜ ወደ ቀኝ፣ ስምንት ጊዜ ወደ ግራ። ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፍ፤ ወገባችሁ አይጉበጥ።

ሦስተኛው የግድግዳ ሰዓት ነው። በዚያው አቋቋም ራሱን ከግራ ወደ ቀኝ እንደ ሰዓት ዘንግ አወዛውዙት። ሰውነታችሁ ተከትሎት እንዳይሄድ መያዝ ነው ሥራው። ሚዛን የሚማረው እዚህ ነው።

አራተኛው ታንኳ መቅዘፍ ነው። ጣና ላይ ታንኳ የሚቀዝፍ ሰው እንደሚያደርገው ዱላውን በአንድ ጎን ወደ ታችና ወደ ኋላ ሳቡት፤ ከዚያ ጎን ቀይሩ። እዚህ ላይ የላይኛውና የታችኛው እጅ ቦታም ይቀያየራል። ከመዳፍ እስከ ጀርባ ድረስ ይሰማችኋል።

እንደ ቡሄ ጅራፍ በራስ ዙሪያ ማዞሩ የመጨረሻው ነው። ቢያንስ ሦስት ወር ሳትለማመዱ አትሞክሩት። ሁለቱን ክንዶቻችሁን ያለ ሕመም ቀጥ አድርጋችሁ ከጆሯችሁ አጠገብ ማድረስ ካልቻላችሁም ጨርሶ አያስፈልጋችሁም። አራቱ ብቻቸውን ይበቃሉ። እትዬ እስካሁን አምስተኛውን አልነካችም፤ ምንም አልጎደለባትም።

እያንዳንዱን ከስምንት እስከ አሥር ጊዜ፣ ሁለት ዙር ሥሩ። መሐል ላይ ትንፋሻችሁ እስኪመለስ ዕረፉ። በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ቀን፣ በመካከሉ የዕረፍት ቀን እያደረጋችሁ። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለ65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን የጡንቻ ማጠንከሪያ፣ ሦስት ቀን ደግሞ ሚዛንና ጉልበትን ያጣመረ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ በዚያ ላይ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ። ይህ የመጨረሻው ኮልፌ ለሚኖር ሰው አይከብድም፤ ከገበያ ወደ ቤት በፍጥነት መራመድም ይቆጠራል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ «መንገድ ለሰው» እየተባለ መኪና በሚቆምባቸው እሑዶች ደግሞ አስፋልቱ ራሱ ሜዳ ሆኗል፤ የማስ ስፖርቱን ሰልፍ የሚመራው ጎረምሳ ቢፈጥንባችሁ በራሳችሁ ፍጥነት ሂዱ።

ማን ይጠንቀቅ?

እንደ ነርስ ይህን ሳልል ብተወው ቅር ይለኛል። የደም ግፊታችሁ ከላይ 180 ወይም ከታች 110 ከደረሰ መጀመሪያ ሐኪም ጋ ሂዱ፤ ዱላው አይጠፋም። ሲደክማችሁ ደረታችሁን የሚጨብጣችሁ፣ ራሳችሁን የሚያዞራችሁ፣ በቅርቡ የዓይን ወይም የሆድ ቀዶ ሕክምና ያደረጋችሁ፣ ቡአ ያለባችሁ፣ ትከሻችሁ የሚወልቅ ከሆነ አስቀድማችሁ አማክሩ። የአጥንት መሳሳት የተነገራችሁ ሰዎች ወገብን በኃይል ከመጠምዘዝና ከማጎንበስ ተቆጠቡ፤ ቁጭ ብድጉን ግን ባለሙያ እያያችሁ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

ስኳር ያለባችሁ ጫማ ሳታደርጉ አትሥሩ፤ እግራችሁ ያልተሰማው ቁስል ሊይዝ ይችላል። ኢንሱሊን የምትወስዱ ከሆነ በባዶ ሆድ አትጀምሩ። በጾም ጊዜ፣ የሁዳዴም ሆነ የረመዳን፣ ክብደቱን ቀንሱና ሰዓቱን ወደ መብያው አስጠጉት። ሁላችንም ደግሞ አንድ ነገር እንጠብቅ፤ ትንፋሽ አይታፈን። ትንፋሽ አፍኖ መታገል የደም ግፊትን በአንድ ጊዜ ያሻቅባል። እትዬን የማስቆጥራት ጮክ ብላ ነው፤ እየቆጠሩ ትንፋሽ ማፈን አይቻልምና። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከመጣ ይቆም፤ ጡንቻ ላይ በማግሥቱ የሚሰማ ድካም ግን የሥራው ምልክት ነው።

የምግቡም ነገር አለ። ጡንቻ በዱላ ብቻ አይሠራም። ብዙዎቻችን ሥጋውንና እንቁላሉን ለልጆች ትተን በሻይና በዳቦ እንውላለን። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ ባቄላውን፣ ከተገኘም እንቁላሉን ለራሳችን ማቅረብ ስስት አይደለም።

መዳፍ የሚናገረው

ከሰፈራችን ወደ ደቡብ ሲወረድ፣ በጅማ መንገድ በኩል፣ ዘነበወርቅ አካባቢ አለርት ሆስፒታል አለ። እ.ኤ.አ. በ1965 ለሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና የተቋቋመው ይህ ስፍራ ለእኛ ለነርሶች ሁልጊዜ አንድ ትምህርት ነበር፤ የእጅን ዋጋ። በሽታው ስሜቱን የነሣው መዳፍ ተለማምዶ መርፌ ይዞ ጥልፍ ሲጠልፍ ያየ ሰው፣ እጅ የሚማር አካል መሆኑን አይረሳም። በዚያ በኩል ባለፍኩ ቁጥር ይህን አስባለሁ።

መዳፍ ስለ መላ ሰውነት ይናገራል። እ.ኤ.አ. በ2015 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ፣ በ17 አገሮች ወደ 140 ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን የተከታተለ ጥናት፣ የጭብጥ ጉልበት በ5 ኪሎ ባነሰ ቁጥር የመሞት ዕድል በ16 በመቶ ከፍ ብሎ መገኘቱን አሳይቷል። ይህ ማለት መዳፍን ብቻ መጭመቅ ዕድሜ ይጨምራል ማለት አይደለም፤ የመዳፍ ጉልበት የመላ ሰውነት ጡንቻ መስተዋት ነው ማለት ነው። «አርጅቻለሁ፣ አልፎብኛል» ለሚሉም ሌላ አለ። እ.ኤ.አ. በ1990 በአሜሪካ አረጋውያን መጦሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 አካባቢ የሆኑ አሥር ደካሞች ለስምንት ሳምንት በእግራቸው ክብደት እንዲያነሡ ተደረገ። ሥልጠናውን የጨረሱት ዘጠኙ የእግራቸው ጉልበት በአማካይ በ174 በመቶ ጨመረ። ዘጠና ዓመት ያልዘገየ ስድሳ አምስት እንዴት ይዘገያል?

እትዬ ዛሬ አራተኛ ወሯን ይዛለች። ከወንበር መነሣቷን ባለፈው ሳምንት ቆጠርኩላት፤ አሥራ ሁለት። ሃያ ሊትሩን ጀሪካን እንዳትሸከም ግን አሁንም እከለክላታለሁ፤ በሁለት አምስት ሊትር ጀሪካን ግራና ቀኝ እያመጣጠነች ትመላለሳለች። የልጅ ልጇ አታረፍድም። ቤሩት ያለችው ልጇ ስትደውል «እንዴት ነሽ እማዬ?» ለሚለው ጥያቄ ከ«ደህና ነኝ» ውጪ የምትጨምረው አንድ ቃል አግኝታለች፤ «እችላለሁ» ትላታለች።

እናንተም ነገ ማለዳ ቡናው እስኪፈላ ወንበሩን ግድግዳ አስጠጉና ቁጠሩ። የመጣውን ቁጥር፣ ምንም ያህል ቢያንስ፣ በግድግዳው ካላንደር ላይ በዛሬው ቀን ትይዩ ጻፉት። ከሦስት ወር በኋላ ከአጠገቡ ሌላ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ተዉለት።